«እናንተ ሂዱ፣ እኔ ዕቃ እጠብቃለሁ» የሚለው ጓደኛችሁም ሐይቁን ይይ! ረግረግ መሐል ስለሚያስገባው ቀላል መንገድ



ለጉዞ ወጥታችሁ ይሄ ነገር ገጥሟችሁ ያውቃል? መኪናው ሐይቅ ዳር ይቆማል። ሁሉም ስልኩን ይዞ ይወርድና ጭቃውን እየዘለለ ወደ ውሃው ይሮጣል። አንዱ ግን አይወርድም። «እናንተ ሂዱ፣ እኔ ዕቃ እጠብቃለሁ» ይላል። ዕቃ ጠባቂ ተፈልጎ አይደለም። ክራንቹ ጭቃው ውስጥ እንደሚሰምጥበት ስለሚያውቅ ነው። ማንንም ማስቸገር ስለማይፈልግ ነው።

ኒሯቅም ሆነ ሰቆጣ ይህን ሰው ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በጦርነቱ አካሉ የጎደለ ወጣት አለ። ከልጅነቱ ጀምሮ በዊልቸር የሚሄድ አለ። ጉልበቷን የሚያማት እናት፣ ሕፃን ያዘለች እኅት፣ ማየት የተሳነው ጓደኛ አለ። እነዚህ ሰዎች ሐይቅና ወፍ ማየት ስለማይፈልጉ አይደለም የሚቀሩት። መንገዱ ስለማይወስዳቸው ነው።

ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ ቀላል መፍትሔ ነው፦ ስለ ሳንቃ መንገድ። ምንድን ነው? ረግረግ ላይ ለምን ያስፈልጋል? ከዋግ ተነስቶ ጣና ዳር መሄድ የሚያስብ ሰውስ ምን መጠየቅ አለበት? መጨረሻ ላይ ደግሞ ወደ ሰፈራችን እንመለሳለን፤ ተከዜ ላይ ይሆናል ወይ?

👉 የሳንቃ መንገድ ምንድን ነው?

ነገሩ ቀላል ነው። ረግረጉ ላይ ቋሚ እንጨት ወይም ብረት ይተከላል። በላዩ ሳንቃ ይነጠፋል። ሰው ከውሃውና ከጭቃው ከፍ ብሎ፣ እንደ ረጅም ዝቅተኛ ድልድይ ባለው መንገድ ላይ ይሄዳል። ከሥር ውሃው ይፈሳል፣ ሣሩ ያድጋል፣ ዓሣው ያልፋል። ከላይ ሰው ጫማው ሳይርስ ረግረጉ መሐል ድረስ ይገባል።

ውሃው ከፍ ዝቅ በሚልበት ቦታ ደግሞ ሌላ ዓይነት አለ፤ ተንሳፋፊው። እሱ ቋሚ የለውም። ከሥሩ አየር የያዘ በርሜል ወይም የፕላስቲክ ሳጥን ይታሰርለታል። ውሃው ሲሞላ አብሮ ይነሳል፣ ሲጎድል አብሮ ይወርዳል። ይህችን ልዩነት ያዙልኝ፤ ተከዜ ላይ ስንደርስ እንፈልጋታለን።

👉 ረግረጉ ላይ ዝም ብለን ብንሄድስ?

ብዙዎቻችን ረግረግ ሲባል የሚታየን ጭቃ፣ ትንኝና ከብት የሚሰምጥበት ቦታ ነው። «ባዶ መሬት» እንለዋለን። ግን ባዶ አይደለም።

ረግረግ እንደ ስፖንጅ ነው። ክረምት ላይ የጎርፉን ውሃ ይመጥና ይይዛል፣ በጋ ላይ ቀስ እያለ ይለቃል። ከእርሻ ታጥቦ የሚመጣው አፈር ደንገሉና ቄጠማው መሐል ሲደርስ ፍጥነቱ ይቀንስና እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ወደ ሐይቁ የሚገባው ውሃ የጠራ ይሆናል። ዓሣ እንቁላሉን የሚጥልበት፣ ጫጩቶቹ ከትልልቅ ዓሦች የሚደበቁበትም እዚያው ነው። በጋ ላይ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ ለከብት ሣር የሚገኘው ከጨፌ ነው። ድርቅ ምን እንደሆነ ለዋግ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ ውሃ ይዞ የሚያቆይ መሬት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው እናውቃለን።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ይህ መሬት ለእግር ሳስ ያለ ነው። አንድ ሰው ሲረግጠው አፈሩ ይጠቀጠቃል፣ ሥሩ ይበጠሳል። ሁለተኛው ሰው የፊተኛው ያቦካውን ጭቃ ሽሽት በጎን ይረግጣል። ሦስተኛው ደግሞ ከሱ ጎን። በአንድ ወቅት ውስጥ አንዲት ቀጭን የእግር መንገድ ሰፊ የጭቃ ሜዳ ትሆናለች። መሬት ላይ ጎጆ የሚሠሩ ወፎች እንቁላላቸውን ጥለው ይሸሻሉ።

የሳንቃ መንገድ ሁለቱን ችግር አንድ ላይ ይፈታል። ዊልቸሩን ከጭቃው ያድነዋል፤ ረግረጉን ደግሞ ከእግራችን። ሰው ሁሉ በአንድ መስመር ስለሚሄድ የቀረው ቦታ ለወፉና ለዓሣው ይቀራል።

ይህ የቅንጦት ወሬ አይደለም። በዓለም ላይ እ.ኤ.አ. ከ1970 እስከ 2015 ባለው ጊዜ ውስጥ ብቻ ከውሃ አዘል መሬቶች 35 በመቶ ያህሉ ጠፍተዋል። በአገራችንም የሐሮማያ ሐይቅ ምን እንደሆነ ትልልቆቹን ጠይቁ። ጀልባ ይሄድበት የነበረ ሐይቅ ደርቆ ከብት ተሰማርቶበት ነበር። የማናውቀውን ነገር ሲጠፋ አናዝንለትም። ገብቶ ያየ ሰው ግን ይቆረቆራል። ለዚህ ነው ሰው ሳይጎዳው የሚገባበት መንገድ የሚያስፈልገው።

👉 «መንገዱ ቀላል ነው» ሲሏችሁ ምን ትጠይቃላችሁ?

«ቀላል ነው» ማለት ለሚሮጥ ልጅ አንድ ነገር ነው፣ በዊልቸር ለሚሄድ ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ቦታው ላይ ላለ ሰው ስትደውሉ «ይመቻል?» ብላችሁ አታቁሙ። ሁሉም «አዎ፣ ይመቻል፣ ችግር የለም!» ነው የሚለው። ቁጥር ጠይቁ፦

1. ስፋቱ ስንት ነው? አንድ ዊልቸር ለማለፍ ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ይፈልጋል። ለመዞር ደግሞ 1 ሜትር ተኩል። መንገዱ ጠባብ ከሆነ ቢያንስ በየመሐሉ ሰፋ ያለ ማረፊያ ሊኖረው ይገባል። አለዚያ ከፊት ሌላ ሰው ሲመጣ የኋሊት መመለስ ነው።

2. ዳገቱስ? ለዊልቸር የሚሠራ መወጣጫ የተለመደው ልኩ 1 ለ12 ነው። ማለትም 1 ሜትር ከፍታ ለመውጣት 12 ሜትር ርዝመት። ከዚያ የበለጠ ቀጥ ካለ ገፊ ሰው ያስፈልጋል፤ ሲወርድም አደገኛ ነው።

3. በሳንቃዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ምን ያህል ነው? ከ1 ሴንቲ ሜትር ብዙ መብለጥ የለበትም። ሰፋ ካለ የዊልቸሩ ትንሿ የፊት ጎማ ወይም የክራንቹ ጫፍ ይገባበታል። ሳንቃው የሚነጠፈውም ከመንገዱ አቅጣጫ ጋር ተሻግሮ ነው። በርዝመቱ ከተነጠፈ ጎማው ስንጥቁን ይዞ ይሄዳል።

4. ጠርዙ ላይ ምን አለ? ጎማ እንዳያመልጥ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ጠርዝ ያስፈልጋል። ማየት የተሳነው ሰውም በበትሩ እሱን እየነካ ይሄዳል። ውሃው ጥልቅ ከሆነ ደግሞ የእጅ መደገፊያ ግድ ነው።

5. መግቢያው ላይ ደረጃ አለ? መፀዳጃ ቤቱስ? ይህን ሰው ሁሉ ይረሳዋል። መንገዱ ደልዳላ ሆኖ መግቢያው ላይ ሦስት ደረጃ ካለ ሁሉም ነገር እዚያው ያበቃል። መቀመጫና ጥላ መኖሩንም ጠይቁ።

ቪዲዮ ማስላክም ይቻላል። እዚያ ያለ ሰው ከበሩ እስከ መጨረሻው ድረስ እየሄደ 1 ደቂቃ ቀርጾ በቴሌግራም ቢልክላችሁ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይሻላል።

አንድ ነገር ደግሞ እወቁ። ይህ ልመና አይደለም። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 30 አካል ጉዳተኞች በባህል፣ በመዝናኛ፣ በስፖርትና በቱሪዝም ቦታዎች እንደ ማንኛውም ሰው የመሳተፍ መብት እንዳላቸው ይናገራል። ሽርሽር ጭምር ማለት ነው።

👉 ሌሎች የት ሠሩት?

አሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ ኤቨርግሌድስ የሚባል ትልቅ ረግረግ አለ። እዚያ ያለው የአንሂንጋ መንገድ ደርሶ መልስ ከ1 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ዊልቸር ይሄድበታል። ሰዎች ከሳንቃው ላይ ሆነው አዞ መሰሉን አሊጌተርና ወፎቹን በቅርብ ያያሉ። ትምህርቱ ምንድን ነው? መንገዱ ረጅም መሆን የለበትም። አጭር ግን ሁሉም የሚጨርሰው መሆን ነው ያለበት።

«እሱ አሜሪካ ነው» ካላችሁ፣ እሺ፣ አፍሪካ እንምጣ። ኪጋሊ ከተማ ውስጥ ኒያንዱንጉ የሚባል 121 ሄክታር ገደማ የሆነ መናፈሻ አለ። ቀድሞ የተጎዳ ረግረግ ነበር። ሩዋንዳውያን መልሰው አዳኑት፣ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ሠሩበት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ለጎብኚ ከፈቱት። ኡጋንዳ ውስጥ ደግሞ የቢጎዲ ረግረግ አለ። እዚያ ሥራውን የያዘው እ.ኤ.አ. በ1992 የተመሠረተ የመንደሩ ሰዎች ማኅበር ነው። አስጎብኚዎቹ የአካባቢው ልጆች ናቸው፤ መንገዱ ጭቃ የሆነበት ቦታ ላይ ሳንቃ ነጥፎበታል። ከጎብኚ የሚገኘው ገንዘብ የአካባቢውን ትምህርት ቤት ደግፏል።

👉 ከዋግ ወደ ጣና

እኛ ጋ ሲመጣ፣ ለዋግ ልጆች ትልቁ ውሃ አዘል መሬት ያለው ጣና ዙሪያ ነው። ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል። ዙሪያው ደንገል፣ ቄጠማና ጨፌ ነው። ታንኳው የሚሠራው ከዚሁ ደንገል ነው።

ከኒሯቅ ሰቆጣ፣ ከሰቆጣ በላሊበላና በጋሸና አድርጎ በደብረ ታቦር ወረታ፣ ከዚያ ባሕር ዳር። በአንድ ቀን ለመጨረስ አትሞክሩ፤ በተለይ ብዙ መቀመጥ የሚያመው ሰው ካለ ላሊበላ ወይም ደብረ ታቦር አድራችሁ ተነሱ። ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ መንገዱ ሰላም መሆኑን እዚያ ላሉ ሰዎች ደውላችሁ አጣሩ።

ወረታ ስትደርሱ የፎገራ ሜዳ ላይ ናችሁ። የሩዝ አገር ነው። ሸሸርና ወላላ የሚባሉት ረግረጎች እዚሁ ናቸው። ከኅዳር እስከ የካቲት ከአውሮፓ የሚመጡ ወፎች የሚያርፉባቸው ናቸው፤ እርሻና ግጦሽ ግን ከዓመት ዓመት እያጠበባቸው ነው። መሬቱ ለስላሳ ስለሆነ በዊልቸር ወደ ውስጥ መግባት አይሞከርም። ከአስፋልቱ ዳር ሆኖ ማየት ነው ያለው።

ባሕር ዳር ስትገቡ ደልዳላ የሆኑ ሁለት ምርጫዎች አሉ። አንደኛው በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት የሐይቅ ዳር የእግረኛ መንገዶች ናቸው። ሁለተኛው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ነው። ግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀ ሲሆን 380 ሜትር ይረዝማል፤ ለእግረኛና ለብስክሌት የተለየ መንገድ አለው። ከላዩ ሆናችሁ ዓባይ ከጣና ወጥቶ በደንገሉ መሐል ሲሄድ ታያላችሁ። ጠዋት ከሆነና ዕድል ከቀናችሁ ጉማሬም ሊታይ ይችላል። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ግን ጥበቃውን ጠይቁ፤ ድልድይ ነው።

እውነቱን እንነጋገር፤ ሁለቱም የሳንቃ መንገድ አይደሉም። ረግረጉን ከዳር ያሳያሉ እንጂ መሐሉ አያስገቡም። ግን መኪና ውስጥ ይቀር የነበረው ጓደኛችሁ አብሯችሁ እንዲሄድ ያስችላሉ። በጀልባ ወደ ገዳማት መሄድ ካሰባችሁ ደግሞ ከባዱ ነገር ውሃው አይደለም፤ ከመሳፈሪያው ወደ ጀልባው የሚወስደው እርምጃ ነው። ዘጌ ላይ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚያወጣው መንገድም ድንጋይና ዳገት ስላለው ለዊልቸር አይሆንም። አስቀድማችሁ ንገሩት፤ እዚያ ደርሶ ከሚያዝን ይሻላል።

ወደ ደቡብ የሚሄድ ካለ ሐዋሳ ላይ ፍቅር ሐይቅ አካባቢ ያለው የሐይቁ ዳር መንገድም ጥሩ ነው። አባ ኮዳን በቅርብ ማየት የሚፈልግ አሞራ ገደል ይሂድ።

👉 ስትሄዱ ይህን አትርሱ

• ማልዳችሁ ውጡ። ወፍ የሚታየው ጠዋት ነው፤ ፀሐዩም አይበረታም።
• ሐይቁ ዳር እግራችሁን አትንከሩ። ጣና ዳር የቢልሃርዚያ በሽታ አለ፤ ጥገኛ ትሉ የሚገባው በቆዳ ነው። ደረቅ መንገድ ጥቅሙ አንዱ ይሄ ነው።
• አካባቢው ወባ አለበት። ማታ ረጅም እጅጌ ልበሱ፣ በአጎበር ተኙ።
• ጉማሬ ካያችሁ ራቁ። ከሁሉም በላይ በእሱና በውሃው መሐል አትቁሙ። ሲመሽ ሣር ሊግጥ ይወጣል።
• ወፍ ለማስነሳት ድንጋይ አትወርውሩ፣ ሙዚቃ አትክፈቱ። ቲክቶክ ላይ የበረረ ወፍ ሊያምር ይችላል፤ ከጎጆው የተነሳች እናት ግን እንቁላሏ ይበርዳል።
• ባጃጅ የምትይዙ ከሆነ ዊልቸሩ የሚታጠፍ መሆኑን አረጋግጡ።
• ዊልቸር ከመግፋታችሁ በፊት ባለቤቱን ጠይቁ። «ልግፋህ?» ማለት ይበቃል።

👉 ተከዜስ?

አሁን ወደ ቤታችን። የተከዜ ግድብ እ.ኤ.አ. በ2009 አልቆ 188 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ ውሃውን ሲያቆመው ከኋላው ትልቅ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ተፈጠረ። ሐይቁ አበርገሌን፣ ዝቋላንና ሰሃላን ይነካል። ወጣቶች ተደራጅተው ቀረሶና አምባዛ ያጠምዱበታል። ታዲያ የሳንቃ መንገድ እዚያ ይሠራል?

የኤቨርግሌድስ ዓይነቱ አይሠራም። ምክንያቱም ተከዜ ረግረግ አይደለም፤ ሸለቆ ውስጥ የሞላ ውሃ ነው። ዳሩ ድንጋይና ገደል ይበዛዋል። ከዚህ በላይ ደግሞ ግድቡ ኃይል ሲያመነጭ ውሃው ይቀንሳል፣ ክረምት ይሞላል። በክረምትና በበጋ መካከል የውሃው ከፍታ በብዙ ሜትር ይለያያል። ቋሚ ተክላችሁ ሳንቃ ብታነጥፉ ክረምት ውሃ ውስጥ ይሰጥማል፣ በጋ ደግሞ ከውሃው ርቆ ደረቅ ድንጋይ ላይ ቆሞ ይቀራል።

ተንሳፋፊው ግን ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ያልናችሁ፣ ከውሃው ጋር የሚነሳና የሚወርደው። ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባ በሚያቆሙበት፣ ዳሩ ዘንበል ብሎ በሚወርድበት ቦታ አንድ አጭር መንገድ፦ ከላይ የተደለደለ መውረጃ፣ ከታች በበርሜል የተንሳፈፈ ሰፊ ሳንቃ፣ ዙሪያውን ጠንካራ መደገፊያ። መደገፊያው ለይስሙላ አይደለም፤ ተከዜ አዞ አለው። ከባዱ ሥራ መውረጃው ነው፤ ውሃው ሲጎድል ርዝመቱም ዳገቱም ይጨምራል። ስለዚህ ይህን መሐንዲስ አይቶ ይወስን እንጂ በግምት አይሠራም። ጥቅሙ ለጎብኚ ብቻ አይደለም፤ ዓሣ ተሸክሞ የሚወጣው ልጅም በዚያው መንገድ ይወጣል። እዚያው ዓሣ ጠብሶ የሚሸጥ ቢኖር ደግሞ ገበያው ከነገበያተኛው መጣ ማለት ነው።

ይህ የኛ ሐሳብ ነው፤ የተያዘ ፕሮጀክት የለም። ግን በማኅበር ተደራጅታችሁ ወደ ወረዳ ሐሳብ ይዛችሁ የምትሄዱ ልጆች ካላችሁ፣ ወረቀቱ ላይ ከመጀመሪያው ቀን ሁለት ቁጥር ጻፉበት፦ ስፋት 1 ሜትር ተኩል፣ ዳገት 1 ለ12። ሲታቀድ ከገባ ዋጋው ትንሽ ነው። ተሠርቶ ካለቀ በኋላ «ዊልቸርስ?» ማለት ግን ማፍረስ ነው።

እስከዚያው ድረስ ቀጣዩን ጉዞ ስታስቡ ከመኪናው ብዛትና ከመዋጮው በፊት ይህን ጠይቁ፦ ከመሐላችን መኪና ውስጥ የሚቀረው ማን ነው? ከዚያ ቦታውን የሚመርጠው እሱ ይሁን። እሱ የሚደርስበት ቦታ ሁላችሁም ትደርሳላችሁ።

ሰላም ግቡ፣ በሰላም ተመለሱ! ጉዞ ለሚያስብ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።